ጉልቻ ቢለዋወጥ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላል ያገሬ ሰው። ሹም ሽር በተሰማ ቁጥር፣ የእግር ኳስ ቡድን አሠልጣኙን ባባረረ ቁጥር፣ ይህቺ ተረት ከየካፌው ጠረጴዛ ብድግ ትላለች። እኔም ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ስለ ዘይቤ ሳወራ ስንት ጊዜ እንደጠቀስኳት አላስታውስም። ሰሌዳው ላይ እጽፋትና «ጉልቻው ማንን ይወክላል? ወጡስ ምንድነው?» እያልኩ ተማሪዎቼን አፋጥጥ ነበር። መልሱ ሁልጊዜ ያው ነው፤ ጉልቻው ሹም፣ ወጡ አገር። ስለ ጉልቻው ስለ ራሱ፣ ማለትም መሬት ላይ ተጎልተው ድስት ስለሚሸከሙት ሦስት ድንጋዮች የጠየቀ ተማሪ አልገጠመኝም። እኔም ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ታዲያላችሁ፣ ይህቺን ተረት መጀመሪያ የተናገራት ሰው ማን ይመስላችኋል? ስሙን የሚያውቅ የለም። አንድ ነገር ግን እወራረዳለሁ፤ ወጡን የበላው ነው እንጂ ወጡን የሠራችው አይደለችም። ለበላተኛ እውነት ነው፤ ጉልቻው ተቀየረ አልተቀየረ ወጡ ያው ወጥ ነው። ጭሱን የምትምገው ሴት ግን ጉልቻው ሲቀየር ልዩነቱን በዐይኗ ታውቀዋለች። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚሁ ነው። ፖለቲካ የለበትም። ደግሞ እንጃ፣ ሊኖርበትም ይችላል።

ነገሩ የተጀመረው በ2009 ዓ.ም. ነው። እኛ እህትና ወንድማማቾች ገንዘብ አዋጥተን ይፋግ ለምትኖረው እናታችን ቤት ልንሠራላት ተማከርን። ይፋግን ለማታውቁ፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትጓዙ፣ ወረታን አልፋችሁ አዲስ ዘመን ሳትደርሱ የምታገኟት ከተማ ናት። ሊቦ ከምከም ወረዳ ውስጥ ነው የምትገኘው፤ ከበታቿ የፎገራ ሜዳ፣ ከሜዳው ማዶ ጣና። በ19ኛው መቶ ዘመን ሲራራ ነጋዴው አሞሌ ጨው ጭኖ የሚወርድባት ስመ ጥር ገበያ ነበረች። ዛሬ አብዛኛው መንገደኛ ከመኪና መስኮት አይቷት ያልፋል።

ፕላኑን ከተማ ያለ አንድ ባለሙያ ሠራልን። ሲደርሰኝ እንደ ልማዴ ቀይ እስክርቢቶዬን አወጣሁ። አምስት በስድስት የሆነ ሳሎን፣ ሦስት መኝታ ቤት፣ ባለ ዓምድ በረንዳ፣ ሻወር። ከሳሎኑ ጋር የተያያዘ «አሜሪካን ኪችን» የሚባል ነገርም አለበት። «መኝታ» ከሚለው ቃል ላይ «ኝ» ተገድፋ ነበር፤ አስገባኋት። ከዚያ «በጣም ጥሩ ነው» ብዬ መለስኩለት።

ይፋግ ወስጄ ለታላቅ እህታችን አሳየኋት። እታለም ነው የምንላት። እናታችንን የምትጦረውም፣ ቤቱን የምታስተዳድረውም እሷ ናት። ወረቀቱን አገላብጣ አየችና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ።

«እንጀራው የት ሊጋገር ነው?»

«ይኸው ኪችን አለ አይደል እታለም?» አልኳት በጣቴ እያሳየሁ።

«እሱማ የብርጭቆ መደርደሪያ ነው። ምጣዱን እዚያ ብጥደው ሶፋህ ይጠቁራል፣ እናትህም ትታፈናለች።»

«እሱስ… ማድ ቤቱ በኋላ በጓሮ በኩል ይቀጠላል።»

«በምን?»

«ከጣሪያው በሚተርፈው ቆርቆሮ።»

ዝም ብላ አየችኝ። «አየህ አንተ ልጅ፣ እንግዳ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚቀመጥበት በፕላን ይሠራል፤ እኔ ቀኑን ሙሉ የምውልበት በትራፊ።»

ሃያ ዓመት ግድም ድርሰት ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝ። ዋናው ባለታሪክ የተረሳበት ጽሑፍ ቢመጣልኝ አላሳልፍም። ይሄኛውን ግን ፊደል አርሜ አሳልፌዋለሁ።

እስቲ ቃሎቹን ራሳቸውን እዩልኝ። «ማድ ቤት» ከማዕድ የመጣ ነው፤ ስሙ እንኳን የክብር ነው። ቀጥሎ ከጣሊያን አፍ «ኩሽና» መጣልን። ቀጥሎ ከእንግሊዝ አፍ «ኪችን»። ሦስቱም አንድ ናቸው ብትሉኝ መዝገበ ቃላት ይስማማላችኋል፤ ከተማችን ግን አይስማማም። ኪችን የሚጎበኝ ነው፤ ማድ ቤት የሚደበቅ። ኪችን ውስጥ ሻይ ይፈላል፤ ማድ ቤት ውስጥ እንጀራ ይጋገራል፣ በርበሬ ይወቀጣል፣ ጠላ ይጠነሰሳል፣ ዶሮ ይበለታል። አዲስ አበባ ውስጥ ስንቱ ባለ ቪላ እንግዳውን ካቢኔቱ ፊት ገትሮ «ይሄ ሁሉ ከውጭ የመጣ ነው» እያለ ያስጎበኛል። ከግንቡ ጀርባ ሰርቪሱ ጥግ ላይ ተለጥፋ የምትጨስ የቆርቆሮ ጎጆ አለች። የተጋበዛችሁት ዶሮ ወጥ የመጣው ከየትኛው ነው? ታውቁታላችሁ።

ሜሪላንድ የሚኖረው ታናሽ ወንድማችን የእታለምን ቅሬታ ሲሰማ «በቃ አውትዶር ኪችን እንሥራላቸው» አለ። ፎቶ ላከ። ጓሮ ላይ የተነጠፈ ድንጋይ፣ ባለ ግራናይት ጠረጴዛ፣ በጋዝ የሚሠራ የሥጋ መጥበሻ፣ የማይዝግ ብረት ማቀዝቀዣ፣ እንደኛ ጎጆ ክብ የሆነ የፒዛ ምድጃ። አንድ ቁምጣ የለበሰ ፈረንጅ ሥጋ እያገላበጠ ይስቃል። እዚያ አገር ከቤት ውጭ ማብሰል የድሎት ምልክት ነው፤ ቅዳሜና እሑድ አባወራው ሽርጥ አስሮ የሚዝናናበት።

እታለም ስልኩን ወደ ብርሃን አዙራ አየችው። «ይሄማ የኛው ማድ ቤት ነው» አለች። «ወንድ ስለገባበት ነው ያማረው።»

ወንድማችንን ብትጠይቁት ደግሞ ሌላ ጉድ ትሰማላችሁ። እዚያው ሜሪላንድ ውስጥ ለእሱ ቤት እንጀራ የሚጋገረው ጋራዥ ውስጥ ነው። እንፋሎቱና የእርሾው ሽታ ምንጣፍና ልብስ ውስጥ እንዳይገባ ሚስቱ መጋገሪያዋን ከመኪናው አጠገብ ትዘረጋለች። መጋገሪያዋም የኛ አገር ምጣድ አይደለችም። ኖርዌጂያኖች ወደ አሜሪካ ሲሰደዱ ይዘውት ለሄዱት «ሌፍሰ» ለሚባል ስስ ቂጣ የተሠራች «ሄሪቴጅ» የምትባል የኤሌክትሪክ መጋገሪያ ናት፤ ስፋቷ 40 ሳንቲ ሜትር ግድም፤ የኛው ምጣድ ወደ 60 ይጠጋል። አሜሪካ ያለ ስንቱ ሐበሻ በሷ ነው የሚጋግረው። ስለዚህ እንጀራን ከመኖሪያው ክፍል አውጥቶ መጋገር የድህነት ወይም የኋላ ቀርነት ነገር አይደለም። ሁለት መኪና ያለውም ያደርገዋል።

እንዲያውም ማድ ቤትን ለብቻው መሥራት ከአባቶቻችን፣ ይቅርታ፣ ከእናቶቻችን ብልሃቶች አንዱ ነው። የሣር ክዳን ባለበት አገር እሳትን ከመኝታ መለየት ቀላል ነገር አይደለም። እሳት ቢነሳ አንዱ ተቃጥሎ ሌላው ይተርፋል፤ ጭሱም ከሕፃንና ከሽማግሌ ይርቃል። በርካታ የገጠር ቤት ይህንን እንኳ አላገኘም፤ እሳቱም ሰዉም ጥጃውም አንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ። ሐሳቡ ትክክል ነበር። የጎደለው ከሐሳቡ በኋላ ያለው ነው። እሳቱን ከቤት አወጣነው፤ ከእሳቱ ጋር ሴቲቱንም አወጣናት፤ ከዚያ ስለ ሁለቱም ማሰብ አቆምን።

የእናታችን አሮጌ ማድ ቤት ሁለት ሜትር ተኩል በሁለት ነበረች። መስኮት የላትም። ግድግዳዋ በጥቀርሻ ጠቁሮ ሬንጅ የተቀባ ይመስላል። ምጣዱ መሬት ላይ በጉልቻ ተጥዶ እናታችን ጎንበስ ብላ፣ ዐይኗን ጨፍና ማገዶ ትቆሰቁሳለች። ልጆች ሳለን እንባዋ ሲወርድ የምታለቅስ እየመሰለን «ማን መታሽ?» እንላት ነበር። ትስቅብናለች። በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ አድርጋ ቀጣዩን እንጀራ ታሰፋለች።

በኋላ ዐይኗ ታመመ። ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኗን ይፍቃት ጀመር። ትራኮማ ነው፤ አማራ ክልልን፣ በተለይም ደቡብ ጎንደርን ከዓለም ክፉኛ ከተጠቁት አካባቢዎች ተርታ ያሰለፈ በሽታ። ለእውነት ስል ልናገር፤ ትራኮማን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው፤ በዝንብ፣ በእጅና በጨርቅ ይተላለፋል፤ ጭስ አያመጣውም። ሽፋሽፍት የሚፍቀውን ዐይን ጭስ ውስጥ ይዞ መዋል ምን ማለት እንደሆነ ግን እሷ ታውቀዋለች። ቀዶ ጥገና ተደረገላትና ሻል አላት። ታክማ በተመለሰች በሳምንቱ የገባችው እዚያችው ማድ ቤት ነው። ሌላ የት ትግባ?

ጉዳዩ የእኛ ቤት ብቻ እንዳልሆነ ልንገራችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ከሚነድ ማገዶና ከሰል በሚወጣ ጭስ ሰበብ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል፤ በሳንባ ምች፣ በልብ ሕመም፣ በስትሮክ፣ በሳንባ ካንሰር። ከነዚህ ከ237 ሺህ የሚበልጡት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። እናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ እንጀራ ሲጋገር የሚውል ሕፃን አይታችኋል አይደል? ስለ እሱ ነው የማወራችሁ።

እናላችሁ ፕላኑን ቀደድነው ልላችሁ ነበር። አልቀደድነውም፤ ተከፍሎበታል። ገልብጠን ጀርባው ላይ ጻፍንበት። እታለም ተናገረች፤ እኔ ጻፍኩ። አሁን ሳስበው ከእጄ ከወጡት ጽሑፎች ሁሉ ጠቃሚው እሱ ነው።

መጀመሪያ ቦታው። እኔ ኮምፓስ ያለው ስልክ ስፈልግ እሷ እፍኝ አመድ አንስታ በተነች። ከሰዓት በኋላ ነበርና ነፋሱ ከጣና በኩል ይነፍሳል፤ አመዱ ወደ ምሥራቅ ሄደ። «ማድ ቤቱ እዚያ ነው» አለች። በስተምዕራብ ከሆነ ጭሱ ሁልቀን የእናታችን መኝታ ውስጥ ይገባል። ከትልቁ ቤት ስድስት እርምጃ ይራቅ፤ በመካከሉ ጣሪያ ያለው መተላለፊያ ይኑር። ካለዚያ በሐምሌ ወጡ ገበታ ላይ ሳይደርስ ዝናብ ይገባበታል።

ቀጥሎ ስፋቱ፤ አራት በሦስት። ሁለት ሰው ሳይገፋፋ እንዲሠራበት። ግድግዳው አንድ ሜትር ድረስ ድንጋይ፣ ከዚያ በላይ ጭቃ፤ ከጣሪያው ሥር ያለው የመጨረሻው ግማሽ ሜትር ግን በሁለቱም ጎን ክፍት ሆኖ በእንጨት ፍርግርግ ይዘጋ። ጭስ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ አናት ላይ መውጫ ካላገኘ ተመልሶ ሰው ላይ ይወርዳል። ወለሉ ሊሾ ይሁን፤ ውሃው ወደ ጌሾው እንዲፈስ ዘቅዘቅ ይበል። በሩ ሁለት ቦታ ይቆረጥ፤ የታችኛው ተዘግቶ ዶሮና ሕፃን ያግዳል፣ የላይኛው ተከፍቶ ብርሃን ያስገባል።

ከዚያ ዕቃው። ምጣዱ 70 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። «ቆሜ ልጋግር» አለች። «እናትህ ጎንበስ ብላ ሃምሳ ዓመት ጋገረች፤ ወገቧን እየው።» በስተቀኝ የሊጥ ዕቃው የሚቀመጥበት መደብ፣ በስተግራ እንጀራው የሚወጣበት ሰፌድ ማሳረፊያ። አክንባሎው የሚሰቀልበት ብረት፤ የጋለ አክንባሎ መሬት ላይ ተቀምጦ ስንት ልጅ አቃጥሏል። ባለ ቧንቧ የውሃ በርሜል። ከጣሪያው ጥላ ሥር የማገዶ መከመሪያ፤ እርጥብ እንጨት የሚሰጠው ጭስ ብቻ ነውና። የአመድ ማጠራቀሚያ። በመጨረሻም ግድግዳው ጥግ ላይ አንድ አግዳሚ።

«አግዳሚው ደግሞ ለማን ነው?» አልኳት።

«ሽንኩርት ለሚልጥ ሰው» አለችኝ፣ ቀና ብላ ሳታየኝ።

አሁን ወደ ጉልቻው ልመለስ። እንጀራ የምንጋግርበት ምጣድ የቤታችንን ማገዶ ትልቁን ድርሻ ይበላል። ይህን ለመቀነስ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እዚሁ አገራችን ተቀርጾ የተሰራጨ «ምርጥ ምድጃ» የሚባል አለ። ከሲሚንቶና ፑሚስ ከሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይሠራል። ስድስት ቁራጭ ነው፤ አራቱ ተገጣጥመው ምጣዱን ይከባሉ፣ ሁለቱ ከኋላ ድስት ይሸከማሉ። እንጀራው ሲጋገር የሚወጣው ትኩሳት በከንቱ ከመበተን ወጥ ወይም ውሃ ያሞቃል። በሙከራ ሲለካ ከክፍት ጉልቻ እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ይቆጥባል። ግማሽ ማገዶ ማለት ግማሽ ሸክም ማለት ነው። ማሳ ላይ ማዳበሪያ መሆን ሲገባው እየተጠፈጠፈ የሚነደው ኩበትም በከፊል ለመሬቱ ይተርፋል። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥ ይሆናል፤ እህል ግን ይጨምራል።

እኛም ምርጥ ምድጃውን ገዝተን፣ እታለም ባለችው ልክ ከፍ ባለ መደብ ላይ ተከልነው፤ ጭስ ማውጫውን ከተማው ውስጥ ያለ ብረት ሠሪ አበጀልን። ግንበኛው ጭስ ማውጫውን ከጣሪያው ጫፍ እኩል አድርጎ ቆረጠው። ተቆጣጣሪ ተብዬው እኔ ነበርኩ፤ «ያምራል» ብዬ አጸደቅሁለት። የመጀመሪያው ምጣድ የተጣደ ዕለት ነፋሱ ጭሱን በመጣበት መለሰው፤ ሁላችንም እያሳልን ወጣን። እናታችን ብቻ ቁጭ ብላ ሳቀች። ከጣሪያው ጫፍ ሌላ አንድ ሜትር ወደ ላይ ተቀጥሎለት፣ አናቱ ላይ ቆብ ከተደረገለት በኋላ ነው ነገሩ የሠመረው።

እታለም ግን አሮጌዎቹን ሦስት ድንጋዮች አልጣለቻቸውም። ውጭ፣ የመተላለፊያው ጥግ ላይ ጎለተቻቸው። «ለማኅበር የሚወጣው ጎላ በምድጃህ ላይ አይቆምም» አለችኝ። «ደግሞ ማታ ማታ እሳቱን ማየት ደስ ይለኛል።» በመጀመሪያ ተናደድኩ። ይሄ ሁሉ ወጪ! ኋላ ግን ገባኝ። ጉልቻ ትንሹንም ትልቁንም ድስት ይይዛል፣ ያሞቃል፣ ያበራል፣ ዋጋ አይጠየቅበትም። ይህንን ሁሉ ሥራ ሲሠራ የኖረን ነገር በአንድ ዕቃ ተክቼ ልጥለው ስነሳ አንድ ጊዜ እንኳ አላማከርኳትም ነበር።

የተሻለ ምድጃ አመጣን እያሉ ሪፖርት የሚጽፉትም የሚስቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሪፖርቱ «ይህን ያህል ሺህ ምድጃ ተሰራጨ» ይላል። ስንቱ ዛሬ ይነድበታል? ስንቱስ የዶሮ ማደሪያ ሆኗል? ህንድ ውስጥ በኦሪሳ ግዛት፣ በ2019 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዷ የሆነችው አስቴር ዱፍሎ ከባልደረቦቿ ጋር የታደሉ ምድጃዎችን ለአራት ዓመት ያህል ተከታትላ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ሴቶቹ የሚምጉት ጭስ ቀነሰ። ከዚያ በኋላ ለውጡ ጠፋ። ምድጃው ሲሰነጠቅ የሚጠግነው የለም፣ ጭስ ማውጫው ሲደፈን የሚጠርገው የለም፤ ሰዉም ቀስ በቀስ ወደ አሮጌው ተመለሰ። ተረታችን አሸነፈ ማለት ነው? አይደለም። ምድጃው ብቻውን ተቀይሮ በዙሪያው ያለው ሁሉ እንደነበረ ከቆየ ግን ተረቱ ያሸንፋል።

በዙሪያው ያለውስ ሲቀየር? ለዚህ ህንድ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ከይፋግ ወደ ወረታ ተመልሳችሁ የደብረ ታቦርን መንገድ ስትይዙ፣ ፎገራ ወረዳ ውስጥ አውራ አምባ አለች። በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ መሪነት የተመሠረተችው ይህቺ መንደር በሥራ ክፍፍሏ ዓለም ያውቃታል፤ ወንዱ እንጀራ ይጋግራል፣ ሴቷ ታርሳለች። ጎብኚ የሚያደንቀው ይህንን ነው። እኔን ይበልጥ ያስደነቀኝ ግን ምድጃቸው ነው፤ ጭሱን ወደ ውጭ የሚያወጣ፣ በእጅ የተሠራ የጭቃ ምድጃ። ሲሚንቶ የለበትም። ጭቃ በሁሉም አገር አለ። ይፋግም አለ። ታዲያ እኛ መንደር ለምን አልተሠራም? እኔ የምጠረጥረው ይህንን ነው፤ አንድ ወንድ በሳምንት ሁለት ቀን ጭስ ውስጥ ተቀምጦ እንጀራ ቢጋግር፣ በሦስተኛው ሳምንት ጭስ ማውጫ ይፈጥራል።

«ለምን ኤሌክትሪክ አይሆንም?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ይሁን እንጂ! ጥሩው መልስ እሱ ነው። የጣና ውሃ በጣና በለስ ተርባይን እያዞረ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ መብራት ያመነጫል፤ አቅሙ 460 ሜጋ ዋት ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት። ኩራታችን ነው። ሆኖም በዚሁ ሐይቅ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ስንቷ ሴት አሁንም ኩበት ታነዳለች። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ግድም ይፈልጋል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር መሆኑ ነው። ለአንድ አምፖልና ለስልክ ቻርጅ የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ይህንን አይችልም፤ ይግላል፣ ይቀልጣል፣ ቤት ያቃጥላል። እኛ ለዚህ ቀን ብለን ወፍራም መስመር ከነመሬት ሽቦውና ከነማቋረጫው ለብቻው ወደ ማድ ቤቱ ዘረጋን። ከምድጃው አጠገብ ለኤሌክትሪክ ምጣድ የሚሆን ቦታም ተተወ። ግድብ የሚሠራ አገር የማድ ቤቱን ሽቦም አብሮ ማሰብ አለበት።

ገጠሩን ብቻ እየወቀስኩ እንዳይመስልባችሁ፣ አዲስ አበባ ደግሞ ሌላ ታሪክ አላት። የኮንዶሚኒየም ቤቶች ሲሠሩ በየሳይቱ የጋራ መጠቀሚያ ሕንጻ ተተክሏል። እንጀራ ይጋገርበት፣ በግ ይታረድበት፣ ልብስ ይታጠብበት ተብሎ። ያ ሐሳብ የመጣለትን ሰው አመሰግናለሁ፤ ኢትዮጵያዊ በአራተኛ ፎቅ ላይም እንጀራ እንደሚበላ ያስታወሰ ሰው ነው። ግን ሊጥ በባልዲ ተሸክማ ደረጃ ወርዳ፣ እንጀራውን ተሸክማ ደረጃ የምትወጣውን ሴት አማክሯት ይሆን? የጋራውን ሕንጻ ለመጋዘንና ለቢሮ ሲያውሉት በበርካታ ሳይት አይቻለሁ፤ ምጣዱ በረንዳ ላይ ወጥቷል፣ በጉ ደረጃ ላይ ይታረዳል።

እንግዲህ የኔ ሂስ ይህ ነው። ቤት ስንሠራ የምንጽፈው ለእንግዳ ነው። ለሚያልፍ፣ ለሚያደንቅ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ መጥቶ «አቤት ሳሎን!» ለሚል። ቤቱን ቀን ከሌት የምታነበው ሴት አንባቢ ሆና አልተቆጠረችም። የእኛ ማድ ቤት የወሰደው ገንዘብ ከሳሎኑ ሶፋና ከቁም ሳጥኑ ዋጋ አልበለጠም። የጎደለው ገንዘብ አልነበረም። ከመሠረቱ በፊት «እንጀራው የት ሊጋገር ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ነው የጎደለው፤ የጠየቀችውም ፊደል በወጉ ያልቆጠረች እህቴ ናት።

ከዚያ ወዲህ መጥፎ አመል አወጣሁ። ወዳጅ አዲስ ቤት ሠርቶ ሲጠራኝ ሳሎኑን አደንቅና «ከኋላ ያለውንስ ልይ?» እላለሁ። ፊቱ ይለዋወጣል። «እሱ ገና አላለቀም» ይለኛል፤ ቤቱ ከተመረቀ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ሚስቲቱ ግን በዝምታ ታየኛለች። ሁለት ጊዜ በዚህ ምክንያት ተጨማሪ ወጥ ተጨልፎልኛል።

የይፋጉ ማድ ቤት በ2010 ዓ.ም. ጥር ላይ አለቀ። ከዚያ በየዓመቱ እሄድ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በክልሉ ጦርነት ሲነሳ መንገዱ አስፈራን፤ እኔና እታለም በስልክ መገናኘት ያዝን። መስመሩ ሲገኝ መጀመሪያ ስለ ደኅንነት፣ ቀጥሎ ስለ እናታችን ዐይን፣ ቀጥሎ ስለ ማድ ቤቱ እጠይቃለሁ።

«ጭስ ማውጫውስ?»

«በወር በወሩ እጠርገዋለሁ።»

«ምድጃው አልተሰነጠቀም?»

«አንዱ ጎኑ ተሰንጥቆ በጭቃ መረግሁት።»

«እናታችንስ?»

«ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ታወጋኛለች። እንባ የለም።»

ደስ ብሎኝ ልዘጋ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ወንድ ልጆቿ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ነው።

«እታለም፣ ያ ለሽንኩርት ላጭ ያሠራሽው አግዳሚስ? ማን ይቀመጥበታል?»

ትንሽ ዝም አለች።

«ድመቷ» አለችኝ።